ከምስር እስከ ባቄላ

ሌሎች ልጆች ስኬል የሚባለውን ነገር የተማሩት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ፣ ካርታ ላይ ነው። እኔ የተማርኩት ከምስር፣ ከአተርና ከባቄላ ነው። ያስተማረኝም አባቴ ሙሉቀን ነበር፤ ንፋስ መውጫ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር። ዘመኑ ሁለት ሺህ አራት፣ ዕድሜዬ አሥር።

አባቴ ተገጣጣሚ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። የዛሬዎቹን አይደለም፤ እነሱን «የሚበር ቧንቧ» እያለ ይንቃቸዋል። የሚወደው የጥንቶቹን ነው፤ ሁለት ክንፍ ከላይና ከታች የተደራረበላቸውን፣ በእንጨትና በሽቦ የተወጠሩትን፣ ጨርቅ ለባሾቹን። ታናሽ ወንድሙ ጌዲዮን አዲስ አበባ ኤርፖርት ይሠራ ስለነበር፣ ውጭ ደርሰው የሚመለሱ ባልንጀሮቹን እያስቸገረ ካርቶኑን ያስመጣለታል። ሲከፈት ውስጡ እንደ ዓሣ አጥንት የተያያዘ ግራጫ ፕላስቲክ ነው። ያንን በምላጭ እየቆረጠ፣ በወረንጦ እያነሣ፣ በማስቲሽ እያጣበቀ ነፍስ ይዘራበታል።

ከሁሉ በፊት ግን ስኬሉ መመረጥ አለበት። አንዱ አውሮፕላን በሦስት መጠን ይመጣል፤ ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ፣ አርባ ስምንት ጊዜ ያነሰ፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያነሰ። አጎቴ ጌዲዮን በስልክ «የቱን ልላክልህ?» ሲል አባቴ እንደ ሽማግሌ አገጩን ይዞ ያስባል። ነገሩ ግራ ሲገባኝ ጊዜ እጄን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደኝና ከሦስት ማድጋ ሦስት ፍሬ አወጣ።

«አብራሪውን አስቢ» አለኝ። «ሰባ ሁለት ጊዜ ቢያንስ ጭንቅላቱ ይህችን ታክላለች።» መዳፌ ላይ ምስር አኖረ። «አርባ ስምንት ጊዜ ቢያንስ ይህችን።» አተር። «ሠላሳ ሁለት ጊዜ ከሆነ ይህችን።» ባቄላ፤ ያውም ትንሿን ባቄላ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስኬል በቁጥር አልተጠራም። የምስር፣ የአተር፣ የባቄላ ሆነ።

አባቴ ያን ጊዜ የምስር ሰው ነበር። «በምስር የማይሠራ ትዕግሥት የለውም» ይላል። በምስር ሲሠራ ደግሞ እኔ ነበርኩ እጁ። ከስንዴ ፍሬ ያነሱትን ቁርጥራጮች በወረንጦ አንሥቼ የማቀብለው፣ ምንጣፍ ላይ የወደቀውን በጉልበቴ ተንበርክኬ የምፈልገው እኔ። በክንፎቹ መካከል የሚወጠሩት ሽቦዎች ሲደርሱ «ዳጊ፣ አንድ ሽቦ አምጪ» ይለኛል፤ ራሴን ዝቅ አደርግለታለሁ፤ አንዲት ፀጉር ነቅሎ በማስቲሽ ይወጥራታል። ያመኛል፤ ግን አላለቅስም። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት አራት አውሮፕላኖች በእኔ ፀጉር የተያዙ ናቸው። ማን አላት ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ፀጉር?

አምስተኛው ሲታዘዝ አባቴ በስልክ «በአተር ይሁን» አለ። እኔ ደስ አለኝ፤ አውሮፕላኖቻችን እያደጉ መስሎኝ። ልጅ ያድጋል፣ ጥጃ ያድጋል፣ አውሮፕላንስ ለምን አያድግም? ባቄላ ይደርሳል፣ ከዚያ ዱባ ያክላል፣ አንድ ቀን አባዬና እኔ እንገባበታለን።

በዚያው ሰሞን አባቴ ዝንብ ማባረር ጀመረ። ንፋስ መውጫ ብርዳም ናት፤ በኅዳር ዝንብ ከየት ይመጣል? እሱ ግን ቁጭ ባለበት በፊቱ እጁን እያወናጨፈ «ይህ ዝንብ!» ይላል። እኔም አብሬው አባርራለሁ፤ አንዲትም ዝንብ አይቼ አላውቅም፤ ግን የእሱ ዓይን ከእኔ ዓይን ይበልጣል ብዬ አምን ነበር። ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ፤ ስእለት ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን እናቴ፣ ተሾመች ትባላለች፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የምትሠራው፣ ጓዳ ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትነግረው ሰማሁ።

«ስኳሩ ወደ ዓይን ይወጣል አሉ። ሐኪም ይይህ እንጂ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ጎንደር ድረስ እንሂድ።»

«ከሄድኩ ወረቀት ይሰጡኛል፤ ወረቀቱ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጠመኔ የሚያስይዘኝ አለ?»

ስኳር ወደ ዓይን ይወጣል! ለሳምንት ያህል ተደብቄ ከጣሳው የምልሰውን ስኳር ተውኩ፤ ፍሬ ፍሬው በጉሮሮዬ ሽቅብ ወጥቶ ዓይኔ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ እየታየኝ። ዛሬ ነርስ ነኝ። የስኳር በሽታ ዓይንን ከውስጥ እንዴት እንደሚያደማው፣ በሽተኛው ፊት ለፊት የሚንሳፈፈው ጥቁር ነገር ዝንብ እንደማይባል አውቃለሁ። በጊዜው ቢታይ ይረዳ እንደነበርም አውቃለሁ።

ስድስተኛው አውሮፕላን ከፋሲካ በፊት መጣ። ወደ አገራችን መጀመሪያ ከመጡት አንዱ ነው፤ ፖቴዝ ይባላል፤ ፈረንሳይ ሠራሽ። አባቴ በግንቦት ለሚደረገው የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርእይ ሊያቀርበው ፈለገ፤ ጭራው ላይ ባንዲራችንን ሊቀባበት። ስኬሉን ሲመርጥ ሳያመነታ «ባቄላ» አለ። ተገጣጥሞ ሲቆም ክንፉ ከእኔ ክንድ ይረዝማል።

ወረንጦዬን ይዤ ቀረብኩ። «አንቺ ተይው» አለኝ። «ለዚህ ሰርካለም አለችልኝ።»

ሰርካለም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የሳይንስ ክበቡ ሰብሳቢ ነበረች። ከስማዳ ገጠር መጥታ፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር፤ በየሁለት ሳምንቱ ስንቋን ልትይዝ አገሯ የምትመለስ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ አንገቷን ሰበር የምታደርግ ልጅ። ከትምህርት በኋላ እየመጣች ከአባቴ ጋር ሳሎን ትቀመጣለች፤ በሩ ይገፋል። እኔ በስንጥቁ እሰማለሁ።

«ይቺስ ስንት አመጣች?»

«ሰባት ከአሥር፣ ቲቸር።»

«ቀጥይ።»

«ይሄኛው አራት ከአሥር። ሦስተኛው ላይ ቀመሩን ገልብጦታል።»

የአውሮፕላኑን አካላት የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር። የፈተና ወረቀት ታነብለት እንደነበር፣ እርማቱን በእሷ ዓይን ይሠራው እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦

«ይህ ነገር በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር፣ ልጄ።»

«ቲቸር ይሙቱ! ለማን ብዬ እናገራለሁ?»

ልጄ አላት። እኔ በር ላይ ቆሜ። ፀጉሬን እንኳ አልፈለገውም፤ ሽቦዎቹን በናይለን ክር ወጠሯቸው። «የአንቺ ፀጉር ለባቄላ ይቀጥናል» አለኝ፤ ሳቅ ብሎ፣ በቅንነት። ያን ቃል ለሳምንታት ይዤው ዞርኩ። አባቴን የወሰደችብኝ እሷ እንደሆነች ቆረጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ፊቷን ባየሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

የቀለም ጣሳዎቹ ሦስት ነበሩ፤ እኩል እኩል፣ ትናንሽ። ማታ ማታ ከመሄዷ በፊት መስኮቱ ደፍ ላይ ትደረድራቸውና እንደ ጸሎት ጮክ ብላ ትናገራለች፦ «ከግራ አረንጓዴ፣ መካከል ቢጫ፣ ከቀኝ ቀይ።» አባቴም «ከግራ አረንጓዴ፣ ከቀኝ ቀይ» ይላል። የሁለቱ ጨዋታ ነው ብዬ ቀናሁ።

ዐውደ ርእዩ ሰኞ ነው። ዓርብ ዕለት «ነገ ጭራውን ትቀቢዋለሽ» ሲላት ሰማሁ። እናቴ አያቴን የኔታ ገብረ ማርያምን ልትጠይቅ እዚህ ቅርብ ካለው ቤተ ልሔም ደብር ወርዳለች፤ የምትመለሰው ሰኞ ነው። ሰርካለም ዓርብ እንደ ወትሮው ጣሳዎቹን ደርድራ ወጣች። አባቴ ደጅ ሲወጣ ገባሁና አረንጓዴውንና ቀዩን አቀያየርኳቸው። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰርካለም ሳታስተውል ትቀባለች፣ ቀዩ ከላይ አረንጓዴው ከታች ይሆናል፣ አባቴ ይቆጣታል፣ «ዳጊ፣ ነይ አስተካክዪው» ይለኛል። ከዚህ ያለፈ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ግን ሰርካለም አልመጣችም። አባቴ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቃት፤ ብድግ ይላል፣ ይቀመጣል። በመጨረሻ ብሩሹን ራሱ አነሣ። እጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ከግራ በኩል ያለውን ጣሳ ያዘና ከፈተ። ብሩሹን ነከረው፤ በሌላው እጁ ጣት የጭራውን ጫፍ እየዳሰሰ የላይኛውን መስመር ቀባ። ቀይ።

በር ላይ ቆሜ አየሁት። አፌን ከፍቼ ነበር። ልናገረው የነበረው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

«ማነው?» አለ ሳይዞር።

«እኔ ነኝ።»

«ሂጂ ወዲያ፤ ብርሃን ጋረድሽብኝ።»

ብርሃኑ የሚመጣው በመስኮቱ በኩል ነው፤ እኔ የቆምኩት ከኋላው ነው። ምንም አልጋረድኩም። እያየኝ እንዳላየ፣ ቀለሙንም እያየ እንዳላየ ሆኖ የሚቀጣኝ መሰለኝ። አፌን ዘጋሁና ወጣሁ። ያን ጊዜ ቀዩም አረንጓዴውም ለእሱ አንድ ዓይነት ጥቁር ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት አውሮፕላኑን ነጭ ጨርቅ አልብሶ፣ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ ወሰደው። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። አዳራሹ ተሞልቷል፤ ተማሪው፣ ወላጁ፣ ከበላይ መጡ የተባሉ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ እንግዳ። ርእሰ መምህሩ አቶ ከፍያለው «አሁን ደግሞ የመምህር ሙሉቀን የዓመት ድካም!» ብለው ጨርቁን ገለጡት።

መጀመሪያ ጭብጨባ ሆነ። ቀጥሎ ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ማጨብጨቡን ተወ። ከዚያ ሁለተኛው። ዝምታው ከፊት ወደ ኋላ እንደ ዶፍ እየመጣ አዳራሹን ሸፈነው።

«ባንዲራውን ማነው የገለበጠው?» አሉ እንግዳው።

አቶ ከፍያለው ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጋሽ ሙሉቀን፣ ይህ ምንድን ነው?»

አባቴ ፊቱን ያዞረው ወደ አውሮፕላኑ አይደለም፤ ወደ ድምፁ ነው። «ምኑ?»

«ጭራው! ቀይ ከላይ፣ አረንጓዴ ከታች! ለማን የተላለፈ መልእክት ነው?»

አባቴ አጎነበሰ። አፍንጫው ጭራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንዲያ ሆኖ ቆየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ «ከግራ፣ ከቀኝ» የሚል ይመስላል። ከዚያ ቀና አለ።

«የቀባችው ሰርካለም ናት» አለ። «የክበቡ ሰብሳቢ። እኔ አላየሁትም ነበር።»

ሰርካለም ከኋላ ነበረች። ያን ጠዋት ከስማዳ መድረሷ ነው፤ የፕላስቲክ ጫማዋ የመንገዱን አቧራ እንደለበሰ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋት።

«አንቺ ነሽ?» አሉ እንግዳው።

አባቴን አየችው። ረጅም ጊዜ። ቀጥሎ ጭራውን አየች፤ ግንባሯ ተቋጠረ፤ የሆነ ነገር የምታስታውስ ትመስል ነበር። ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ «አዎ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

እንግዳው በጥፊ መቷት። ድምፁ አዳራሹን ዞረ። ነጠላዋ ወደቀ፤ አላነሣችውም። አባቴ የደነገጠው ከሌላው ሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው።

እኔ ደስ አለኝ። ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው። ያቀድኩት ደረሰ ብዬ ብቻ አይደለም። ሌላ ነገር አሰብኩ፤ አባዬ ያውቃል አልኩ። ጣሳውን ያቀያየርኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቃል፤ አሳልፎ ሊሰጠኝ ስላልፈለገ የእሷን ስም ጠራ። እኔንና እሷን መዝኖ እኔን መረጠ። ይህን እምነት እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬ ሰባት ዓመት ኖርኩ።

ሰርካለም ለሁለት ሌሊት ታስራ ወጣች። ከትምህርት ቤት ግን ተባረረች፤ ብሔራዊ ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው። አባቷ ከስማዳ በእግራቸው መጥተው በራችን ላይ ቆሙ፤ በእጃቸው አንድ ቅል ማር።

«ጌታዬ መምህር አሉ?» አሏት እናቴን። «አንድ ቃል ቢናገሩላት። ልጅ ናት፤ ሳታውቅ ነው በሉልኝ። ሌላ ምንም አልሻም።»

እናቴ ገባች። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ውጣና አናግራቸው፣ ሙሉቀን። ዋስ ሁናት።»

«የለም በያቸው።»

«ድምፅህን እየሰሙ?»

«የለም በያቸው አልኩሽ!»

ሰውዬው ሰሙ። ማሩን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እናቴ ለመመለስ እየሮጠች ተከተለቻቸው፤ አልተቀበሏትም። ግንቦት ሳያልቅ ሰርካለም ተዳረች ሲባል ሰማን።

አባቴ ዓይኑን ደብቆ ያቆየው ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ብቻ ነው። የሚያነብለት ሰው አልነበረውም። በጥር ወር አንድ ቀን ቀመሩን ከጥቁር ሰሌዳው አሳልፎ ግድግዳው ላይ ሲጽፍ ተማሪዎቹ ሳቁበት፤ ሳቁ በምን እንደሆነ አልገባውምና አብሯቸው ሳቀ። በጡረታ አሰናበቱት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ፣ ሙሉ በሙሉ ጨልሞበት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ሬዲዮ ይዞ ሲቀመጥ፣ አንድ ቀን አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። ላመሰግነው ነበር።

«አባዬ» አልኩት፣ «ያን ጊዜ ለእኔ ስትል ሰርካለምን...»

«ምን ለአንቺ?»

«ጣሳዎቹን ያቀያየርኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቅ አልነበር?»

ሬዲዮውን አጠፋ። «ምን አልሽ?»

ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ላይ ቁጣ ጠበቅሁ፤ ሐዘን ጠበቅሁ። የመጣው ፈገግታ ነው። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ዓመታት ሆነውታል።

«ለካ እኔ አልተሳሳትኩም!» አለ። «ከግራ ነው ያነሣሁት፤ ከግራ! እጄ አልሳተም ነበር ማለት ነው!» ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ድረስ አቅጣጫ የጠፋኝ መስሎኝ ነበር።»

የሰርካለምን ስም ይጠራል ብዬ እስኪመሽ ጠበቅሁ። ሬዲዮውን መልሶ ከፈተ። ክታቤ ያን ቀን ተፈታ፤ ውስጡም ምንም አልነበረም። ከእኔና ከእሷ ማንንም አልመረጠም። የመረጠው ጠመኔውን ነው።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ስማዳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴት የሦስት ዓመት ልጅ ታቅፋ ገባች፤ ልጅቷ ታስላለች፣ ትንፋሿ ይፈጥናል።

«የልጅቷ ስም?»

«ልደት አወቀ።»

«የእናት?»

መልስ ሲዘገይ ቀና አልኩ። አንገቷን ሰበር አድርጋ ታየኛለች። «የቲቸር ሙሉቀን ልጅ፣ ዳጊ አይደለሽም?» አለችኝና ተነሥታ ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ። «ቲቸር እንዴት ናቸው?»

ማረፉን ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ነፍሳቸውን ይማር። እኔ በድያቸዋለሁ።»

«አንቺ? አንቺ ምን በደልሽው?»

«ዓይናቸው እንደማያይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጣሳዎቹን የምደረድርላቸው እኔ። ያን ዓርብ እናቴ ታማለች የሚል መልእክት መጥቶብኝ ቸኩዬ ነበር። በችኮላ ገልብጬ ደርድሬባቸው፣ በማግስቱ እንደማልመጣ እንኳ ሳልነግራቸው ሄድኩ።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ አሻሸች። «እኔ አልቀባሁም ብል ኖሮ ዓይናቸው ይታወቅ ነበር። ጥፋቱም የኔ ነው፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። እሳቸውን መክሰስ ነውር ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ‹ምነው አልተናገርሽም› ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ያጠፋሁትን ከፈልኩ ብዬ ልቤ ያርፋል።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ከአባቴ በቀር ለማንም ሳልናገር አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ግን ያን ቀን፣ ለእሷ ብዬ ነው ብዬ፣ ምናልባትም ለራሴ ብዬ፣ ተናገርኩ።

«አንቺ አልተሳሳትሽም ሰርኬ። በትክክል ነበር የደረደርሽው። ያቀያየርኩት እኔ ነኝ።»

ጀርባዋን ወደ ግድግዳው ሰጠች። እጆቿን አየች፤ መዳፋቸው የተሰነጠቀ፣ ጥፍራቸው ያለቀ እጆቿን ገልብጣ ገልብጣ አየች። እኔ የልጅቷን ትንፋሽ ልቆጥር ደረቷን ስገልጥ ሰርካለም እጄን ከላይዋ አነሣች፤ በቀስታ፣ ምሥጥ እንደሚራገፍ። ልጇን አቀፈች።

«ልጄን ሌላ ሰው ይይልኝ» አለች።

ሌላ ሰው አልነበረም። የጤና መኮንኑ ጌታነህ ለክትባት ገጠር ወርዷል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይመለስም። ይህን ነገርኳት። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። ልጅቷ ትንፋሿ እየፈጠነ ነው፤ መድኃኒቱ እጄ ላይ ነው፤ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ለመንኳት። ሦስቱንም ጊዜ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ በተከፈተው በር፣ ልጅቷ ስታስል ሰማሁ።

ጌታነህ ሞተሩን አቁሞ፣ የራስ ቁሩን እያወለቀ ገባ። የልጅቷን ግንባር በእጁ ጀርባ ነካና ደነገጠ።

«እስካሁን እዚህ ተቀምጣችሁ ነው? ነርሷ የለችም እንዴ?»

ሰርካለም ዓይን ዓይኔን እያየች መለሰችለት።

«የለችም።»